ሁለት መቶ ብር

ፈቃዴ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀረኝ።
አለቃዬ ደውሎ፣ የናፈቅኩት መስሎ፣ "ሰኞ እንዳትቀሪ" አለኝ።
"ሞግዚት ታውቃላችሁ?" ስል ሰነበትኩ፣
ሱቅ ደጃፍ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ የክትባት ወረፋ ላይ፤
ከሙጋድ ተነሥቼ ቧንቧ ውሃ ወረድኩ፣
ልጄን በጀርባዬ፣ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መንገዱን ሲውጥ ሳይ።

ሰኞ ገበያ አፋፍ፣ ጋሽ አራጋው ደላላው፣
ጣቱን በምራቅ እያራሰ ደብተሩን ሲገልጥ፣
"ምን ጠፍቶ!" አለኝ፣ "ሁሉም አለ፤ ያውም የጨዋው።
የሚከራይ ቤት፣ የሚሸጥ በግ፣ የምትቀጠር ሞግዚት፤
ብቻ ኮሚሽኔን ታስቀድሚያለሽ፣ እመቤት።"

የመጀመሪያዋ መጣች። ሳሎኑን ቃኘች፣ ተቀመጠች፤
"ቻርጀር የት ነው የሚሰካው?" አለች።
ልጄ አስነጠሰች።
"ይማርሽ" እንኳ ሳትላት ሄደች።

ሁለተኛዋ ዐሥራ ስምንት ነኝ አለች፤ ዐሥራ ሦስት ብትሆን ነው።
ከአልጋው በላይ የተንጠለጠለውን የላስቲክ ወፍ አይታ፣
"ልንካው?" አለች፣ ዐይኗ በርቶ በደስታ።
ወፉን ነው፤ ልጄን አይደለም።
ምሳ አብልቼ፣ የመኪና ሰጥቼ ሸኘኋት።
ጋሽ አራጋው "ትደርሳለች እኮ!" ቢለኝ፣
"እስክትደርስ ማን ያሳድጋት?" አልኩት።

ሦስተኛዋ ጦይባ። ከኩታበር፣ በጠዋቱ መኪና፤
ጫማዋን ደጅ አውልቃ ገባችና፣
ከሰላምታ በፊት "ውሃ የት ነው? እጄን ልታጠብ" አለች።
ልቤ ያኔውኑ ቀጠራት፤ አፌ ግን ሂሳብ ጀመረ።
"ሦስት ሺህ ተኩል" አለች። "ሦስት ሺህ ሦስት መቶ" አልኩ፤
ለሁለት መቶ ብር እንደ በግ ተራ ተከራከርኩ።
"እሺ" አለች፣ መሬት መሬት እያየች። እኔም ረታሁ፤
መርታት እንዲህ እንደሚያሳፍር ያን ቀን ተረዳሁ።

ከዚያ ልጄ አለቀሰች።
ጦይባ ብድግ ስትል፣ እጇ ሳይደርስ፣ ቀሚሷ ቀድሟት ራሰ፤
በግራ ክብ፣ በቀኝ ክብ። ሻርቧን ብትጎትትም አልደረሰ።
አየሁ። ማየቴን አየች።

"ስንት ወሩ ነው?"
"ሰባት።"
"ከማን ጋር ነው?"
"ከእናቴ።"
"እናትሽ ፍየል ትጠብቃለች አላልሽም?"
"ፍየሎቹንማ ጎረቤት።"
የኔን እሷ፣ የሷን እናቷ፣ የእናቷን ፍየል ጎረቤት፤
እንዲህ ተያይዞ ነው ለካ ቢሮዬ በሰዓቱ የሚከፈት።

ሰኞ። ውሃና ፍሳሽ፣ መስኮት ሦስት። ደረሰኝ ስቆርጥ፣
የሰው ልጅ አለቀሰ ወረፋው ውስጥ፤
እኔም በተራዬ ራስኩ።
የከፋዮችን ፋይል ደረቴ ላይ አቅፌ እስከ ሻይ ሰዓት ቆምኩ።

ረቡዕ ለምሳ ሳይታሰብ ወደ ቤት መጣሁ።
ቤቱ ጸጥ። በሩን ገፋሁ።
ጦይባ ከመስኮቱ ሥር፤ ልጄ ከጡቷ፣
ሻርቧን በትንሽ መዳፏ ጨብጣ።
ልጮኽ ነበር። አንድ ነገር ጉሮሮዬ ድረስ ወጣ፤
ቅናት ይሁን ዕዳ፣ ስሙ ቶሎ አልመጣ።
"ጡጦውን እምቢ አለች" አለችኝ፣ "ለቅሶዋን አልቻልኩም።"
ቆይታ ደግሞ፣ ፊቴን አይታ፣ "አብሽሪ።"
እኔን!
ማን ማንን ማጽናናት እንደነበረበት ጠፋኝ።

እናቴ ብትሰማ፣ "በቃ፣ የጡት ልጅ ሆነች፤
ዘመድ ደግሞ በደመወዝ አይታሰብም" ባለች።
በጋሽ አራጋው ደብተር ለዚህ የሚሆን መስመር የለም፤
ቤት አለ፣ በግ አለ፣ ስልክ ቁጥር አለ፤ ይሄ የለም።

ማታ ሁለት መቶዋን መለስኩላት። ታንሳለች፤ አውቃለሁ።
ጦይባ አጠፈቻት፣ መቀነቷ ጫፍ ቋጠረቻት፤ ምንም አላለች።
ልጄ ወንድም አላት ማለት ነው፣ ኩታበር፤
እኔ ወሩን እንጂ ስሙን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

"ማን ይባላል?" አልኳት።
ቀና አለች። "እንድሪስ።"
ልጄ፣ እቅፏ ውስጥ ተኝታ፣
በእንቅልፏ አየሩን ጠባች።